እግር የማጠብ ብልሃት

ከሳንሱሲ 6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ ታክሲ እያቀያየርኩ እመላለስ በነበረበት ዘመን የክፍል ተጠሪ ነበርኩ። መሪነት ስብሰባ ላይ ቀድሞ መናገር ይመስለኝ ነበር፤ መናገር ደግሞ አያቅተኝም።

2014 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ያስወጣቸው ተማሪዎች በየግቢው የተመደቡበት ጊዜ። እኛ ክፍልም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ልጅ ገባ። «እንኳን ደህና መጣህ» ብዬ ንግግር አደረግሁለት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ምሳውን ብቻውን ሲበላ ልብ አላልኩም።

ልብ ያለችው ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። «ላግዝህ» አላለችውም። «የድሮ ግቢህን የስታትስቲክስ ደብተር አውሰኝ» አለችው። ደብተሩን አብረው ሲያገላብጡ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝለት፣ የትኛው እንደሚጎድለው ለዩ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ አጎንብሰው በወይራና በወይን ቅጠል እግሬን ሲያጥቡኝ አፈርኩ። ክርስቶስ እግሩን ሊያጥበው ሲል ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ያኔ ገባኝ። ማጠቡስ ቀላል ነው፤ የሚታጠበውን ሳያሳፍሩ ማጠብ ግን፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከሥልጣን ሁሉ የሚከብደው ነው። ክርስቶስ እንኳ ጴጥሮስን ማግባባት ነበረበት።

በቀጣዩ የተጠሪ ምርጫ ድምፄን ለዚያች ልጅ ሰጠሁ። አላሸነፈችም።