ወደ ውድድር ሜዳ ስለ መመለስ



በወጣትነቱ የሮጠ ወይም የዋኘ ሰው፣ ሥራና ትዳር ይዞ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከሜዳ ከራቀ በኋላ እንደ ገና ለመወዳደር ቢነሣ፣ ይህ ትጋት ነው ወይስ ከንቱ ውዳሴን መሻት? ጥያቄው ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሰው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥጋውና ስለ ክብሩ የሚያስበውን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን የሥጋን ነገር እንመልከት። ልምምድ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲያልፉ በሥሮቹ የሚዞረው የደም መጠን ይቀንሳል፤ ልብም በአንድ ምት የሚረጨው ያንሳል። ስልቱ ግን ለብዙ ዓመታት አይጠፋም። ዋና የለመደ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ውኃ ውስጥ ቢገባ ክንዱ አሠራሩን ያውቃል፤ ጥቂት ሜትር እንደ ሄደ ግን ደረቱ ይጨነቃል። እጅ የሚያስታውሰውን ሳንባ አይችለውም ማለት ነው። ዋና ለደገኛ ሩቅ ነገር ቢሆንም፣ ይህን የላስታ ሰው በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ለዓመታት ቆላ የኖረ የአገሩ ልጅ ተመልሶ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ፣ እግሩ መንገዱን ሳይስት ትንፋሹ ከመካከል ያስቆመዋል።

የተመላሹ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትዝታው የትናንቱን ሰው እያሳየው የዛሬውን ሰው ወደ ሜዳ ይልከዋል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ ስለ ልበ ሰፊነት ሲያስተምር፣ ይህን ምግባር የሚቃወሙ ኃጢአቶች በሁለት ወገን እንደሚገኙ ያመለክታል፦ በአንድ ወገን ከዐቅም በላይ መድፈር፣ በሌላው ወገን ዐቅም እያለ ወደ ኋላ ማለት። የመጀመሪያውን ሁሉም ይነቅፈዋል፤ ጅማቱን በጥሶ ሲያነክስ ስለሚታይ። ሁለተኛውን ግን ማንም አይነቅፈውም፤ እንዲያውም ትሕትና ብለን እናመሰግነዋለን። በእኛ አገር ይበልጥ የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ይመስለናል። ጎልማሳው ሜዳውን የሚሸሸው ጕልበቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ከልጆች በኋላ ሲደርስ እንዳይታይ የሰው ፊት ስለሚፈራ ነው። ይህ ፍርሃት ትሕትና ከተባለ፣ ኵራትን ምን ልንለው ነው?

አባቶቻችን ለዚህ ደዌ መድኃኒት ሳይኖራቸው አልቀረም። በታኅሣሥ መጨረሻ የልደት በዓል ሲደርስ ጎልማሳውም ጎረምሳውም ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሩሯን ለመምታት ወደ መስክ ይወጣል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ስለዚሁ ነው። ሎሌው ጌታውን ቢቀድመው፣ ቢገፋውም፣ ጌታው እንዲታገሥ ሥርዓቱ ያዝዘዋል። ጨዋታው ማዕርግን ከሜዳው ዳር አስቀምጦ የሚገባበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ዱላ ያልጨበጠ አባወራ በዚያ ቀን ሲሳሳት ይሣቅበታል፤ እርሱም አብሮ ይሥቃል። ወደ ውድድር ለሚመለስ ሰው ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት መኖሩን እንጠራጠራለን።

ማዕርጉን ከሜዳ ዳር ትቶ የገባ ሰው በታሪካችን ሲፈለግ፣ ከአበበ ቢቂላ የሚበልጥ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ጀግና በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምናም ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ተወሰደ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ማንም ባልወቀሰው ነበር። እርሱ ግን በ1970 በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ድሉ ያስደስታል፤ እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ቀስቱ ነው። ዓለም በሯጭነቱ ከሁሉ በላይ ያደረገው ሰው በማያውቀው ጨዋታ እንደ ጀማሪ ሊቈጠር ፈቀደ። አበበ የተመለሰው ወደ ቀድሞው አበበ አይደለም፤ እርሱ እንደማይገኝ ያውቅ ነበርና።

ማሞ ወልዴም ሲመለስ በተወው ርቀት አልተመለሰም። በ1956 በሜልቦርን በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጦ ለውጤት ሳይበቃ ቀረ፤ በሮም ኦሎምፒክ አልነበረም፤ በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ፣ በ1972 በሙኒክ ወደ አርባ ዓመት ዕድሜው ነሐስ አገኘ።

የእናቶች ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል፤ የእነርሱ መራቅ ስንፍና ሳይሆን ሕይወት መስጠት ነውና። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ በ1998 ልጅ ወለደች፤ በ2000 በሲድኒ ያንኑ ወርቅ ደገመች። በ2009 በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ፣ በመንገድ ላይ ሕመም ይዟት ወደ ኋላ የቀረችውን እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍን ዞር ብላ በርቺ ትላት ነበር። ሙሉ ዕድሜዋን በድል ብቻ ያሳለፈች ሯጭ ይህን ታደርግ ነበር? ምናልባት። እኛ ግን ወደ ኋላ መቅረት ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ሥራ አድርገን እናየዋለን።

ይሁን እንጂ መመለስ ሁሉ መልካም ነው አላልንም። ልምምድ ሰዓት ይበላል፤ ያ ሰዓት ደግሞ የአንድ ሰው ነው። ከመሸታ ቤት ተወስዶ ከሆነ እሰየው፤ ከልጆች ጥናትና ከሚስት ድካም ላይ ተቀንሶ ከሆነ ግን የሚገኘው ሜዳልያ የሌላ ሰው ዕዳ አለበት። ስለዚህ በሰበካችሁ የወጣቶች ሩጫ ሲዘጋጅ አንድ የአርባ ዓመት አባወራ ስሙን ሊያስመዘግብ ቢመጣ፣ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አትሣቁበት። ልቡን ሐኪም አይቶለት እንደሆነ፣ ባለቤቱም ታውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያም ከማን ጋር ሊወዳደር እንዳሰበ ጠይቁት። «ከእነዚህ ልጆች ጋር» ካለ ቍጥሩን ስጡት። «ከሃያ ዓመት በፊት ከነበርሁት ጋር» ካለ ግን ጥቂት ወራት በቀስታ ይለማመድና ለሚመጣው ዓመት ይመዝገብ።