ቁናውን ያየ ማን ነው?

ትክክለኛ ቁጥር የጠራ ሰው ዋሸ ሊባል ይችላል? በበኩሌ ይችላል ባይ ነኝ። የፕሮሰሰር ሠሪዎቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፉክክር ምስክሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ኤኤምዲ አንድ ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ምት ያለው ፕሮሰሰር አወጣ፤ ኢንቴልም በሁለት ቀን ልዩነት ተከተለ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ባለ 1.13 ጊጋኸርዙን ለገበያ ካቀረበ በኋላ እንከን ተገኝቶበት መልሶ ሰበሰበው። በኖቬምበር ደግሞ ፔንቲየም 4ን በ1.5 ጊጋኸርዝ ይዞ ብቅ አለ። ይሁንና አዲሱ ፕሮሰሰር በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ከፔንቲየም 3 ያነሰ ነበር። ነገሩ ቁናውን አሳንሶ የስፍሩን ብዛት እንደሚቆጥር እህል ነጋዴ ነው፤ ቆጠራው አልተሳሳተም፣ ጆንያው ግን አልሞላም።

ኤኤምዲስ? ምት ብቻውን የፍጥነት መለኪያ አይሆንም ሲል ቆይቶ፣ በ2001 ባለ 1.53 ጊጋኸርዙን አትሎን ኤክስፒ «1800+» ብሎ ሰየመው። የገዢውን የተሳሳተ ግምት ከማረም ይልቅ ተጠቀመበት።

ሩጫውም መጨረሻ ነበረው። ኢንቴል በ2004 የ4 ጊጋኸርዝ ዕቅዱን ሰረዘ፤ በ2006 ያወጣው ኮር 2 ምቱ ከፔንቲየም 4 ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ በሥራ በለጠው።

«ገዢው ለምን አልጠየቀም?» የሚል አይጠፋም። ግን ቁናውን የሚያውቀው ሰፋሪው ነው። ሰሚው እንደሚሳሳት እያወቁ እውነቱን ከፍሎ መናገር ከውሸት በምን ይለያል? እስከዚያው ገዢ «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ማለቱን ትቶ «የእኔን ሥራ በስንት ደቂቃ ይጨርሳል?» ይበል።