እከሌ ማን ነው?

ሎጂክ ከሰው ኑሮ የራቀ ትምህርት ነው የሚል ወሬ በየዶርሙ ይሰማል። እስቲ ነገሩን ከክፍል አውጥተን ወደ መተማ ቆላ እናውርደው።

የሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው እንበል። ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ያገሬው ገበሬ፣ ከጋላባት ማዶ የመጣው ነጋዴ በአንድ ገበያ ተገናኝተዋል። መጋዘን ተሰብሮ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ጠፋ። "የሰረቀ ሰው አለ" ማለት እውነት ነው። ታዲያ ከዚህ ወዴት እንሂድ?

ጀርመናዊው ፍሬገ በ1879 እ.ኤ.አ. "ሁሉም" እና "አንድ አለ" የሚባሉትን በምልክት ጻፋቸው፤ ጌንትሰን ደግሞ በ1930ዎቹ የማስገቢያና የማስወጫ ደንባቸውን ለየብቻ አስቀመጠ። "አንድ አለ" ከተባለ ያንን ሰው ስም አውጥተህለት ማሰብ ትችላለህ። መጽሐፉ "ሀ ይሁን" ይላል፤ አማርኛችን ግን ከጥንትም "እከሌ" የሚል ቃል አለው። ግዴታው ሁለት ነው፦ ስሙ ቀድሞ ያልተጠራ ይሁን፤ በመደምደሚያውም ላይ አይገኝ። "እከሌማ ያ ትናንት የመጣው ልጅ ነው" ካልክ ሐሜት ጀመርክ።

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባለው ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እከሌ ያለ ማስረጃ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው።

አውጫጭኝስ? አገሩ ተሰብስቦ ሌባው ካልወጣ ሁሉም በኅብረት ይክሳል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። "ከመካከላችን የሰረቀ አለ፤ ማንም ይስረቅ ማን አገሩ ይክፈል፤ ስለዚህ አገሩ ይክፈል።" መደምደሚያው የማንንም ስም አልጠራም፤ ደንቡ ተጠብቋል። ግን ያልሰረቀችው መበለት ለምን ትከፍላለች? በደሉ ያለው ከመነሻው ነው፤ ደንብ ደግሞ መነሻን አይመረምርም።

ሌላው ወጥመድ ከአንዱ ወደ ሁሉም መዝለል ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ተሰደደ። ከነዚህ አንዱ ቢያጠፋ "ስደተኛ ሁሉ" ለማለት፣ ጥፋቱ ስደተኛ ከመሆኑ ብቻ የመጣ መሆን ነበረበት። ጥፋቱ ግን የሰውየው ነው፤ ስደቱ ምን አደረገ?

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እነዚህን ደንቦች ፈተና ላይ ብንስት የምናጣው ማርክ ነው፤ ገበያ መሐል ስንስታቸው ግን ሰው ይጠፋል። ማስረጃ እስኪገኝ እከሌ እከሌ ሆኖ ይቆይ። መነሻችንን የመመርመሩን ሥራ ግን ለሎጂክ አስተማሪያችን ጥለን መሄድ አንችልም።