ያለፈ ድካም ለምን ይጣፍጣል?

ሰው በሥራ ላይ ሳለ ሲያማርረው የነበረውን ነገር፥ ካለፈ በኋላ ሲናፍቀው ይታያል። በልጅነቱ ማልዶ ውሃ የቀዳባትን ምንጭ፥ በባዶ እግሩ የተመላለሰበትን የትምህርት ቤት መንገድ፥ ዓይኑን በጭስ ያቃጠለችውን ኩራዝ በሽምግልናው ዘመን እያነሣ ያወድሳል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» የሚለው ተረታችን ይህን የሰው ጠባይ ይነቅፋል። ነገር ግን ነቀፋው ሁልጊዜ ትክክል ነውን? ያለፈ ድካምን መውደድ ራስን ማታለል ነው፥ ወይስ በውስጡ የሚገኝ እውነት አለ? በዚህች ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ጥያቄ ይህ ነው።

ለምርመራዬ የመረጥኩት ምሳሌ ለአንባቢ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም፤ እርሱም እንግሊዞች ለድሮ የጭነት መኪኖቻቸው ያላቸው ፍቅር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሰሜን እንግሊዝ ከሚኖሩት ልጆቼ ዘንድ በቆየሁበት ጊዜ ይህን ፍቅር በቅርብ ለማየት ቻልኩ። በዚያ አገር ያረጁ የጭነት መኪኖችን የሚጠብቅ ማኅበር በ1958 ተቋቋመ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)፤ አባሎቹም ከ1962 ጀምሮ መኪኖቹን ከለንደን እስከ ብራይተን የባሕር ዳርቻ ድረስ በሰልፍ ሲነዷቸው ኖረዋል። ሌይላንድ በምትባለው ከተማ ደግሞ በ1983 የእነዚሁ መኪኖች ቤተ መዘክር ተከፍቷል። ሽማግሎች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው እየመጡ፥ የተወለወለውን ብረት እንደ ፈረስ አንገት ሲዳብሱት ይታያሉ።

ስለ እንግሊዝ መኪና እየጻፍኩ ፍሬን፥ ፍሪሲዮንና ጋቢና ማለቴ ምናልባት ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን እኛ የመኪናን ነገር አስቀድመን የተማርነው ከጣሊያኖች ስለሆነ፥ ቃሉንም ከእነርሱ ወርሰነዋል። የእንግሊዞቹ መኪኖች ስም ግን ሌላ ነው። ሌይላንድ በ1896 በእንፋሎት በሚሄድ መኪና ሥራውን የጀመረ ነው። ኤ.ኢ.ሲ. በሳውዞል፥ ስካመል በዋትፎርድ፥ ፎደንና ኢ.አር.ኤፍ. በሳንድባች ይሠሩ ነበር። ቤድፎርድም በ1931 ተጀምሮ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ እጅግ ብዙ መኪና አቅርቧል።

እንግዲህ እነዚህን መኪኖች መንዳት ምን ያህል ድካም እንደነበረው አስቀድመን እንወቅ፤ ድካሙን ሳያውቁ ፍቅሩን መመርመር አይቻልምና። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድ ትልቅ መኪና ከነጭነቱ እስከ 22 ቶን ይመዝን ነበር። በዚያን ጊዜ እጅግ ይመሰገን የነበረው የጋርድነር ሞተር ግን ጉልበቱ 102 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያው አገር 44 ቶን የሚመዝን መኪና ብዙውን ጊዜ ከ400 ፈረስ የሚበልጥ ጉልበት አለው፤ ይህም ማለት ለእያንዳንዱ ቶን የተመደበው ጉልበት እጥፍ ያህል ሆኗል ማለት ነው። ሕጉም ከባድ መኪና በሰዓት ከ20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) በላይ እንዳይሄድ ይከለክል ነበር፤ ወደ 30 ማይል ከፍ ያለው በ1957 ነው።

ጋቢናው በእንጨት አጥንት ላይ የተሠራ ሆኖ፥ በብዙዎቹ ውስጥ ማሞቂያ አልነበረም። ሞተሩ በሾፌሩ ጎን ስለሚቀመጥ፥ እግሩ በብርድ ሲደነዝዝ ጎኑ በሙቀት ይጠበሳል፤ ጆሮውም ቀኑን ሙሉ በጩኸት ይደነቍራል። መሪውን የሚያግዝ ኃይል ስለሌለ በክንድና በትከሻ ይዞራል። ማርሹ ደግሞ እንደ ዛሬው ራሱን አያስማማም፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው ካልመዘነ በቀር፥ ጥርሱ ይፋጫል እንጂ አይገባለትም። ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ በገመድ የሚያስረውም ራሱ ነው። ተሳቢ ሲኖር እንደኛው አገር ረዳት አብሮት ይሄዳል። በ1930 የወጣው ሕግ አንድ ሾፌር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ደነገገ፤ ይህ እንደ ምሕረት የሚቈጠር ሕግ ከሆነ፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሁኔታ ምን እንደሚመስል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ከመንገዱ ሁሉ ይፈራ የነበረው የሻፕ ዳገት ነው። ከኬንዳል ወደ ፔንሪዝ የሚወስደው ኤ6 የሚባለው መንገድ በዚህ ተራራ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል። በ1970 ኤም6 የተባለው አዲሱ ሰፊ መንገድ በዚያ በኩል እስኪከፈት ድረስ፥ በምዕራብ በኩል በእንግሊዝና በስኮትላንድ መካከል የሚመላለሰው ከባድ ጭነት በዚህ ዳገት ያልፍ ነበር። በብርዱ ወራት በረዶ ሲወርድ መኪኖቹ በተራራው ላይ ታግተው ያድሩ ነበር።

በዚያ አገር ከተዋወቅኋቸው ሽማግሎች አንዱ በወጣትነታቸው በዚህ ዳገት ላይ ኢ.አር.ኤፍ. የነዱ ሰው ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ሞተሩ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ድምፁን እንደሚለውጥ፥ ማርሹ በየትኛው ዛፍ አጠገብ መቀነስ እንዳለበት ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ አልረሱትም። እኔም አንድ ቀን፥ «ታዲያ የልጅ ልጅዎን በዚያ መኪና አንዲት ሌሊት ይልኩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን አድርጎኝ!» አሉኝ ሳይውሉ ሳያድሩ። ወዲያው ደግሞ ያንን ሞተር እንደገና ለመስማት ያላቸውን ሁሉ ቢሰጡ እንደማይቈጫቸው ነገሩኝ።

እነዚህ ሁለት መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ሁለቱም እውነት እንደሆኑ አምናለሁ፤ ጥያቄያችንም የሚፈታው ሁለቱን አንድ ላይ በመያዝ ነው። ያለፈ ድካምን መውደድ አንድ ነገር ይምሰል እንጂ፥ በውስጡ ሦስት ልዩ ልዩ ፍቅሮች ተቀላቅለው ይገኛሉና።

የመጀመሪያው የወጣትነት ፍቅር ነው። ሽማግሌው መኪናውን የሚወዱት፥ በዚያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የነበረው የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ስለሚታያቸው ነው። በዚህ ላይ ኀዘን ይጨመርበታል። የኤ.ኢ.ሲ. ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፤ የቤድፎርድ የጭነት መኪና ሥራ በ1986፥ የስካመልም በ1988 ቆመ፤ የፎደንና የኢ.አር.ኤፍ. ስምም ከአዲስ መኪና ላይ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። አባት፥ ልጅና የልጅ ልጅ በየተራ እንጀራ የበሉበት በር ሲዘጋ፥ ሰው የቀረችውን አንዲት አሮጌ መኪና ቢንከባከብ አይፈረድበትም። ይህ ፍቅር ኃጢአትም ጽድቅም አይደለም፤ እንባ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፤ ይኸውም ድካሙን ራሱን ማምለክ ነው። «እኛ ያለ ማሞቂያ ነድተናል፤ የዛሬዎቹ ሾፌሮች ሰነፎች ናቸው» የሚል ሰው፥ የብርዱን ክፋት ወደ ራሱ ክብር ለውጦታል። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ዓሣና ዱባ፥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያሰቡ አለቀሱ፤ የጡቡን ሥራና ጅራፉን ግን ዘነጉት። በአስተማሪነት በኖርኩባቸው ዓመታትም ይህንኑ ክርክር በሌላ መልክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «እኛ በአለንጋ እየተገረፍን ተምረን ሰው ሆነናል፤ ልጆቹም ይገረፉ» የሚሉ ነበሩ። እኔ ደግሞ፥ «ሰው ያደረገዎ አለንጋው ነው ወይስ አጠገብዎ ተቀምጦ ፊደሉን ያስጨበጥዎ መምህር?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አብዛኞቹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ የሚጠሩት የአንድ መምህር ስም ነበር። በአለንጋው ምክንያት ትምህርት ትተው የቀሩት ጓደኞቻቸው ግን ለመመስከር በመካከላችን አልነበሩም። ድካምን የሚያመሰግን ሁሉ ከድካሙ የተረፈው ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም። በበረዶ ላይ ተንሸራቶ ገደል የገባው ሾፌር ስለ ድሮ መኪና ጣዕም አይናገርም።

ሦስተኛው ፍቅር ከሁለቱ ይለያል፤ እርሱም ለትጋትና ለባልንጀርነት ያለን ፍቅር ነው። ያረጀው መኪና ሾፌሩን ንቁ ያደርገው ነበር፤ ጆሮውን፥ እጁንና ልቡን በሥራው ላይ ያኖር ነበር። ደግሞ አንዱ መኪና በመንገድ ሲቆም ሌላው አይቶ ማለፍ ይከብደዋል፤ ነገ የራሱ ተራ መሆኑን ያውቃልና። ሽማግሌው በእውነት የናፈቃቸው ይህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል፤ ትጋቱንና መረዳዳቱን የወለደው የመኪናው ክፋት ከሆነ፥ መኪናው ሲሻሻል ትጋቱና መረዳዳቱም አብረው ይሞታሉ ማለት ነውን? እንዲህ ከሆነ ድካምን የሚያመልኩት ሰዎች ትክክል ሊሆኑ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከሻፕ ነው። በአሮጌው መንገድ ከፍታ አጠገብ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩ አዲሱ መንገድ ከመከፈቱ በፊት በዚህ አስቸጋሪ ዳገት ላይ ሰሜኑንና ደቡቡን ያገናኙትን ሾፌሮችና ረዳቶች ያስባል። ቀጥሎ መንገዱን የሠሩትንና የጠበቁትን ያስባል። በመጨረሻም በክፉ አየር በመንገድ ለቀሩት መንገደኞች ምግብና መጠለያ በነጻ የሰጡትን የአካባቢውን ሰዎች ያስባል።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሰዎች ልብ በላቸው። እነርሱ መኪና አልነበራቸውም። የተበላሸ ማርሽ አላስገደዳቸውም፤ ነገ የእኔ ተራ ይሆናል ብለውም አልሰጡም፤ ከቤታቸው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ በሩ ሲንኳኳ ተነሥተው ከፈቱ። እንግዲህ ደግነት የሚወለደው ከሚሰጠው ሰው ልብ ነው። የሻፕ ብርድ አጋጣሚውን አመጣ እንጂ ደግነቱን አልፈጠረውም። ያው በረዶ እኮ በሩን ዘግቶ በተኛውም ላይ ወርዷል። እንዲህ ከሆነ፥ ብርዱ ቢቀር ደግነቱ የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ በራሳችን ስንፍና ካልተውነው በቀር።

ትጋትም እንዲሁ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የኢ.አር.ኤፍ. መሥራች ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ነው። ቤተሰቡ በእንፋሎት መኪና የታወቀ ነበር። እርሱ ግን የእንፋሎት ዘመን እያለፈ የናፍጣ ሞተር ዘመን እንደመጣ ተረድቶ፥ ከቤተሰቡ ኩባንያ ወጣ፤ በ1933 ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ በስሙ መጀመሪያ ፊደላት የተጠራውን አዲስ ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ሽማግሎች በናፍቆት የሚዳብሱት አሮጌ መኪና፥ በእርሱ ዘመን አሮጌውን ትቶ የወጣ ሰው ሥራ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የአባቱን ትጋት ወሰደ፤ የአባቱን እንፋሎት ግን ተወ። ውርስን በሚገባ መቀበል ይህ ነው።

ኢያሱ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያቆመው፥ ልጆች ወደፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች ያዩትን ረድኤት እንዲነግሯቸው ነው። ልጆቹ ወንዙን እንደገና በሞላበት ወራት እንዲሻገሩ አላዘዛቸውም። የመታሰቢያ ተግባሩ ምስጋናን ማውረስ እንጂ መከራን ማውረስ አይደለም።

ስለዚህ ያለፈ ድካም በትዝታህ ሲጣፍጥህ ፍቅሩን አትፈረው፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቀው። በመጀመሪያ፥ በዚያን ጊዜ የረዳኝ ማን ነበር? የዚያን ሰው ስም ለልጆችህ ንገራቸው። ሁለተኛ፥ በዚያ ድካም የተሰበረውና ዛሬ የማይናገረው ማን ነው? ስለ እርሱም ዝም አትበል። ሦስተኛ፥ ይህን ሸክም በልጄ ትከሻ ላይ እጭነዋለሁን? «ምን አድርጎኝ!» ካልህ፥ ትዝታህ ጤነኛ ነው።

ዛሬ ሾፌሩ በሞቀ ጋቢና ተቀምጦ፥ መሪውን በሁለት ጣት እያዞረ ያንኑ ተራራ በአዲሱ መንገድ ያልፋል፤ ሕግም የዕረፍት ሰዓቱን ይቈጥርለታል። ይህን ስላገኘ እግዚአብሔር ይመስገን። ከክንዱ የወረደው ሸክም ግን ለዓይኑና ለልቡ ዕረፍት የሰጠው፥ በመንገድ ዳር የቆመውን ሰው በደንብ እንዲያየው ነው። አይቶት ቢያልፍ የመኪናው ምቾት ጥፋት አይደለም፤ ቢያቆምለትም የቀድሞዎቹ ሾፌሮች ወንድም ነው።