ውሻን አሳልፎ መስጠት በራያ ቆላ

በራያ ቆላ ውሻን ለሌላ ሰው የመስጠት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ኑሮ ሲለወጥ ነው። ከቆቦ ከተማ ወደ ዞብል ተራሮች ግርጌ በሚዘረጋው ሜዳ ያደገ ውሻ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን ፍየሉን ከቀበሮ ይጠብቃል። ማሽላው ሲያፈራ ደግሞ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ውሻው ከሥር ሆኖ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል። ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦ ከተማ ገብቶ ቤት ሲከራይ ግን ይኸው ውሻ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ በአጭር ገመድ ታስሮ ይውላል። ገመዱን አኝኮ ይበጥሳል፤ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል፤ ባጃጅ እያሳደደ አስፋልት ላይ ይሮጣል። ገመዱ በሚያርፍበት በኩል የአንገቱ ጸጉር አልቆ ቆዳው ይቀላል። ክፋት የለበትም። ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ማዋያ ግን የለውም። ያን ጊዜ ከብት ላለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከዚያው ጋር አብሮ የሚመጣው የሕሊና ጥያቄ፣ ወዳጁን አምኖ የኖረን እንስሳ ከቤት ማውጣት ክህደት ነው ወይ የሚለው ነው።

መልሱ የሚጀምረው ውሻ የማን ነው ከሚለው ነው። በሬ ይሸጣል፤ ላም በርቢ ተሰጥታ ውላጇን ሁለት ቤት ይካፈለዋል፤ ጊደር ለልጅ መዳሪያ ትሆናለች። ውሻ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። በአካባቢው ያሉት ሁለቱ ሃይማኖቶችም በውሻ ላይ ዋጋ መቁረጥን ይጸየፉታል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 የውሻ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቃሉ ስለ ሰው የተነገረ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች ቢኖሩም። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት ባሰባሰቧቸው ሐዲሶች ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ የውሻን ዋጋ መቀበልን ከልክለዋል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ከሚታወቁት መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት መንገዶች) ሐነፊው ለአደን ወይም ለጥበቃ የሚጠቅም ውሻ እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ ሻፊዒው አይፈቅድም። የሻፊዒ ሊቃውንት ነገሩን በጥልቀት አይተውታል። በእነርሱ አስተያየት ጠቃሚ ውሻ እንደ ሌላው ንብረት ገንዘብ አይሆንም፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ከማንም በፊት በእርሱ የመጠቀም መብት አለው፤ ይህንንም መብት በኑዛዜ ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው መረዳት ለክርስቲያኑም ያገለግላል። ውሻው ገንዘብ ካልሆነ በሰው እጅ የሚኖረው በአደራ ነው፤ ፍጥረቱ የፈጣሪው ነውና። አደራ ደግሞ የግድ በአንድ እጅ መቅረት የለበትም። የተቀበለው ሰው መጠበቅ ሲያቅተው ለሚችል ሰው ማስተላለፉ ከአደራው የሚቆጠር ሥራ ነው፤ አደራ የሚበላው እያቃተው ይዞ የሚያበላሸው ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ የጻድቅ ሰው ምልክት አድርጎ የሚያነሣው ለእንስሳው ነፍስ ማሰብን ነው። በእስልምናም በኩል በሰፊው የሚታወቁ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ አንዱ ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ ምሕረት ስላገኘ ሰው፣ ሌላው ድመት አስራ፣ ራሷም ሳትመግባት ከምድር ለቅማ እንድትበላም ሳትለቃት በመግደሏ ስለተቀጣች ሴት ይናገራል። ሁለተኛው ታሪክ ለታሰረው ውሻ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። የሴትየዋ በደል ድመቷን መጥላቷ አልነበረም፤ ማሰሯና የምትኖርበትን መንገድ መዝጋቷ ነበር። ውሻውን የሚወደው ቤተሰብም በመውደዱ ብቻ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ለሙስሊም ቤተሰብ ሌላም ነገር ይጨመራል። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደን ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከመልካም ሥራው በየቀኑ እንደሚጎድልበት በሐዲስ ተነግሯል። ብዙ ሊቃውንት የቤት ጥበቃንም ከእነዚህ ጋር ይቆጥሩታል። እንግዲህ ከብቱም እርሻውም ከቀረ፣ የኪራይ ግቢውም ሌላ ጠባቂ ካለው፣ ውሻውን ሥራ ወዳለበት ቤት ማድረስ ለባለቤቱም ለውሻውም ይበጃል። በሌላ በኩል የንጽሕና ሥርዓት ጥላቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይከለከላል፤ በሻፊዒ ሥርዓት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ይሁንና በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ የዋሻው ወጣቶች ውሻ የፊት እግሮቹን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ከእነርሱ ጋር ተጠቅሷል፤ ጳጉሜ 3 በሚከበረው የቅዱስ ሩፋኤል በዓል በሚታሰበው በጦቢት ታሪክም የጦቢትን ልጅ ጦብያን የቤቱ ውሻ ተከትሎት ይሄዳል። በራያ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የውሻ ማደሪያ ደጅ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በኑሮው ላይ የሚመጣው ለውጥ ሰዎች እንደሚፈሩት ብዙ አይደለም።

ከባዱ ተቃውሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይቀራል። በአደራ የተቀመጠ ብር አስቀማጩን አይናፍቅም፤ ውሻ ግን ይናፍቃል፤ ፈቃዱም ሊጠየቅ አይችልም። በሕንዶች ማሃባራታ ንጉሥ ዩዲሽቲራ እስከ ተራራው ጫፍ የተከተለውን ውሻ ካልተወ መንግሥተ ሰማያት እንደማይገባ ሲነገረው እምቢ ይላል፤ የተጠጋን መተው ኃጢአት ነው ብሎ። በሆሜር ኦዲሲ አርጎስ የተባለው ውሻ ጌታውን 20 ዓመት ጠብቆ፣ የሚያየው አጥቶ በፍግ ክምር ላይ ተኝቶ ሳለ ጌታው ሲመለስ ይገናኘዋል። ሁለቱም ታሪኮች ልብ ይነካሉ፤ የሚያወግዙት ግን ማንም እንዳይጠብቀው አድርጎ መተውን ነው። የዩዲሽቲራ ውሻ በዚያ ተራራ ላይ ሌላ ሰው አልነበረውም፤ አርጎስንም የጎዳው ከጌታው ጉዞ ይልቅ በቤት የቀሩት ሰዎች ቸልተኝነት ነው። አማኑኤል ካንት በሥነ ምግባር ትምህርቱ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ እስኪሞት ድረስ መጦር እንደሚገባው አስተምሯል። ትክክል ነው። ጥርሱ የረገፈውን ውሻ ጥቅሙ ስላለቀ ብቻ ማስወጣት ውለታ ቢስነት ነው። የሦስት ዓመቱን ብርቱ ውሻ ግን ከብት ወዳለበት መስክ መመለስ ከዚያ የተለየ ጉዳይ ነው።

ናፍቆቱ ግን ይቀራል፤ መካድም አይገባም። ውሻው ለተወሰነ ጊዜ ምግብ ይተዋል፤ የሚያውቀውን ድምፅ ሲጠብቅ ጆሮውን አቁሞ ያድራል። ይህ ሥቃይ እውነተኛ ነው። በቀሪ ዕድሜው ሁሉ በገመድ ከመኖር ጋር ሲመዘን ግን የሚያልፍ ነው። የሰጪውም ሐዘን የበደል ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ትክክለኛ ሥራም ያሳዝናል።

የጦርነት ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና እንደገና በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦ የጦር ሜዳ ስትሆን ብዙ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ተሰደደ። በዚያ ሰዓት ውሻን የሚቀበል ሰው መፈለግ አይቻልም፤ የሰው ነፍስ ይቀድማልና በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ከሳሽ ሊኖረው አይገባም።

በሰላም ጊዜ የሚሰጥ ሰው ግን ግዴታዎች አሉበት፤ ዋናው እውነት መናገር ነው። ውሻው አጥር እንደሚዘል፣ ዶሮ እንደሚይዝ፣ እንግዳ ልጅ ላይ እንደሚነሣ ተቀባዩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጠባዩን ደብቆ የሰጠ ሰው ዕዳ አሸክሞ ነው የሄደው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ውሻው ለሌላ ከመተላለፉ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ በተለይ ውሻው ወደ ደጋ የሚወጣ ከሆነ። በላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በመላው አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያልተከተበን ውሻ ወደዚያ መላክ በአንዱ ፍጥረት ስም ሌላውን መበደል ይሆናል።

በቅርብ የተሰጠ ውሻ ደግሞ ይመለሳል። ሮቢት ወይም ጎብዬ የተሰጠው ውሻ ሌሊቱን ተጉዞ፣ የታኘከ ገመድ ከአንገቱ እያንጠለጠለ፣ ማለዳ የቀድሞው በር ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህ የፈረሰ ቃል ኪዳን ምልክት አይደለም፤ ውሻ የሚያውቀውን መንገድ ተከትሏል። ውኃ ሰጥቶ፣ ሳይመቱት፣ አብሮት ሄዶ ለአዲሱ ቤት ማስረከብ ይገባል፤ አስፈላጊ ከሆነም ደጋግሞ። ተቀባዩ ራሱ መያዝ ካቃተው ግን ውሻውን ለማንም አላፊ ከመስጠቱ በፊት ለመጀመሪያው ቤተሰብ ማሳወቅ አለበት፤ ያም ቤተሰብ ሌላ ጠባቂ እስኪያገኝ ድረስ መልሶ መቀበል ግዴታው ነው። ይህንንም ውሻው በሚሰጥበት ዕለት፣ ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ሆነው ይስማሙበታል።