የዛፉን ጠባሳ መሳል

የፈረንጆቹ ክረምት ሲገባ የሥዕል ደብተሬን ይዤ ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ኤፒንግ ጫካ እሄዳለሁ። ብርዱ እጅ ስለሚያደነዝዝ ብዙ አልቆይም። የምሄደው በበጋ ቅጠል የሚሸፍነውን ለማየት ነው።

ያረጁት የቢችና የሆርንቢም ዛፎች ግንዳቸው አጭርና ወፍራም ነው። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ እንደ ተጨበጠ እጅ ያብጥና ከዚያ ብዙ ቅርንጫፎች ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሳየው የተፈጥሮ ጥበብ መስሎኝ፣ እብጠቱን አለስልሼና አሳምሬ ሣልኩት። ተሳስቼ ነበር። እብጠቱ የመጥረቢያ ጠባሳ ነው። የአካባቢው ድሆች ለዘመናት በብርድ ወራት ቅርንጫፉን ለማገዶ ሲመለምሉት ኖረዋል። ከብት አዲሱን ቀንበጥ እንዳይበላው ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፤ ዛፉም መልሶ ያቆጠቁጣል። እንዲህ የተመለመለ ዛፍ ብዙ ጊዜ ካልተነካው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ጌቶች ጫካውን አጥረው የግላቸው ሊያደርጉት ሲነሡ፣ ቶማስ ዊሊንጌል የተባለ የላውተን መንደር ሰው መመልመሌን አልተውም አለ። ከቤተሰቡም የታሰሩ ነበሩ። ከረጅም ሙግት በኋላ በ1878 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጫካውን ለሕዝብ የሚያቆይ ሕግ ወጣ። ያው ሕግ ግን የመመልመልን መብት አስቀረ፤ በካሣው ለመንደሩ አዳራሽ ተሠራለት። ጫካው ዳነ፤ ከታገሉለት ሰዎች እጅ ግን መጥረቢያው ወጣ። ዛሬ የማይመለመሉት ቅርንጫፎች ከብደው አንዳንዱን ግንድ ይሰነጥቁታል።

ታዲያ ውበቱን ብቻ ሥሎ የሠራውን እጅ መተው በደል ነው? «ሠዓሊ ታሪክ ጸሐፊ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን ይሣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ዓይኔ ጠባሳውን አይቶት ነበር፤ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ያማረ ነገር የሰው ድካም ሳይነካው እንዲገኝ ስለምፈልግ ነው።

ይህ ፍላጎት ከሥዕል ደብተር አልፎ ወደ ፍርድ ይገባል። እንጦጦ ላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይቼ «ጫካ አጥፊዎች» ያልኩበት ጊዜ ነበር። መቁረጥ ሁሉ ማልማት አይደለም፤ የኤፒንግ ታሪክም የእንጦጦ ታሪክ አይደለም። ሆኖም የሚቆርጠውን እጅ ከመኮነኔ በፊት ስለ ኑሮው አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር።

አሁን ስሥል ከእብጠቱ እጀምራለሁ። ሥዕሌ እንደ ቀድሞው አያምርም።