መሬትን ማድከም ኃጢአት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ ባልንጀራውን የበደለ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የያዘውን መሬት ያደከመ ሰውስ? «እርሻው የራሱ ነው፤ ማንንም አልሰረቀም» የሚል አይጠፋም። ይህ አባባል ግን ተበዳዩን ዛሬ በዓይን ከሚታዩት ሰዎች መካከል ብቻ ስለሚፈልግ ጎደሎ ነው።

ነገሩን በወይን ብንመረምረው ይገለጥልናል። ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጉደር በወይን እርሻ ስሟን ያስጠራች ከተማ ናት፤ ጉደር የተባለው ቀይ ወይንም መጠሪያውን ያገኘው ከዚያው ነው። ወይን እንደ ጤፍ በዓመቱ ታጭዶ የሚያልቅ ሰብል አይደለም። ደህና ፍሬ እስኪሰጥ 3 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያው ስፍራ ሥር ሰድዶ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ወይን ተካይ ከአፈሩ ሊሸሽ አይችልም፤ አፈሩን ቢያስርብ ተክሉ ራሱ ይመሰክርበታል። የዓመት ሰብል ግን ጥፋቱን ይሸፍናል። ከአፈሩ የተወሰደው ሳይመለስ በማዳበሪያ ተደግፎ ለከርሞም ይበቅላል፤ ዕዳው የሚገለጠው በልጅ ዘመን ነው።

በምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ በቀዩ አፈር ላይ፣ የዚህ ዕዳ አንዱ መልክ የአፈር አሲዳማነት ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል። እህሉ ከነገለባው ሲነሣና ፍጉ ኩበት ሆኖ ሲነድ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ያን ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም የተክሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱም ታስሮ ስለሚቀር የተጨመረው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይረዳም። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፤ የተፈጨ ኖራ፣ ብስባሽ፣ እርከን፣ ባቄላና አተርን ከስንዴና ከገብስ ጋር ማፈራረቅ ነው። ለእርሻ የሚሆን ኖራ የሚፈጭበት ፋብሪካም በዚያው በጉደር ተተክሏል።

የዚህ ዕዳ ነገር በቅዱስ መጽሐፍም አለ። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እስራኤል በሰባተኛው ዓመት እርሻውን እንዳይዘራ፣ ወይኑንም እንዳይገርዝ ታዟል። ሰንበት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለምድርም ተሰጥቷል ማለት ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ደግሞ ናቡቴ የወይን ቦታውን ለንጉሥ አክዓብ የከለከለው ዋጋው አንሶበት አይደለም፤ የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ ቀርቦለት ነበር። የከለከለው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። ከአባቶቹ የተቀበለ ሰው ለልጆቹ ባለዕዳ ነው። እንግዲህ መሬትን አውቆ ማድከም ካልተወለደ ልጅ መስረቅ ነው። ያ ልጅ ዳኛ ፊት ቆሞ መክሰስ አለመቻሉም በደሉን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እንጨት ያጣች እናት ኩበት ብታነድ ኃጢአተኛ ናትን? ግማሽ ሄክታር ብቻ ያለው ገበሬ ማሳውን ዓመት ሙሉ ቢያሳርፍ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህን ሳያዩ መፍረድ ግብዝነት ነው። በደል የሚመዘነው በፈቃድና በአቅም ነው፤ ችግር ያስገደደው ሰው የሚያስፈልገው ረዳት እንጂ ከሳሽ አይደለም። ማሳውን ማሳረፍ ያልቻለም ሰብሉን እያፈራረቀ በመጠኑ ያሳርፈዋል። ፍርዱ የሚከብደው መሬት ለጥቂት ዓመት ተከራይቶ፣ ጨምቆ ጥሎት በሚሄደው ላይ ነው። ተምረን ያወቅነውን ለወላጆቻችን ሳናካፍል በምንቀር በእኛም ላይ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት ከስንዴ፣ ጽዋውም ከዘቢብ ነው፤ ሁለቱም ከአፈር ወጥተው ወደ መሠዊያው ይደርሳሉ። ስለ ዝናሙና ስለ ምድር ፍሬ እየጸለይን ፍሬውን የምትሰጠውን ምድር ብንዘነጋ ጸሎታችን ሥራ ይጎድለዋል። ስለዚህ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቦቻችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ የብስባሽ ጉድጓድ ቆፍረን እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።